ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለኦርጋኒክ ሲንተሲስ ጥሬ ዕቃ ማድረግ፦ ጎጃም ሆኖ ከየት ይጀመራል?

የሞጣ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። በኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ኮርሱን ጨርሼ ወደ መመረቂያ ጥናቱ ልገባ ስለሆነ ርእስ መምረጥ አለብኝ። ልቤ ያረፈው ካርቦን ዳይኦክሳይድን በካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ሪአክሽንን በሚያፋጥን ነገር) አማካኝነት ወደ ጠቃሚ ኦርጋኒክ ውሁድ መቀየር ላይ ነው።

ሐሳቡን ላካፈልኳቸው ሰዎች ሁሉ ጥሩ አልመሰላቸውም። ግማሾቹ «እሱ እኮ የቃጠሎ አመድ ነው፤ ከአመድ ምን ይወጣል?» ይሉኛል። ሌሎቹ ደግሞ ይህ ሥራ ውድ የግፊት ዕቃና ብርቅ ብረት ያላቸው አገሮች ድርሻ ነው ባይ ናቸው። እውነት ነው፣ የእኛ ቤተ ሙከራ ከፍተኛ ግፊት የሚችል ሪአክተር የለውም። ማሞቂያ ያለው የማግኔት ማማሰያ፣ ማትነኛ፣ የኢንፍራሬድ መለኪያና የተለመደው የመስታወት ዕቃ አለ። የኤንኤምአር (የሞለኪውልን አወቃቀር የሚያሳይ መሣሪያ) ናሙና ወደ አዲስ አበባ ነው የሚላከው፤ ውጤቱም ይዘገያል። መብራትም እንደምታውቁት ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በዚህ አቅም እውነተኛ ሳይንስ የሚሆን፣ ለአገራችንም ትርጉም ያለው ምን ዓይነት ሪአክሽን ልምረጥ? የምታውቁ እባካችሁ ጊዜ ወስዳችሁ ጻፉልኝ።

ዳሞት፦

እህቴ፣ ርእሱን አትልቀቂው። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ነኝና በዝርዝር ልጻፍልሽ።

ስለ አመድ የነገሩሽ ግማሹ እውነት ነው። ካርቦን ተቃጥሎ አንድ ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲፈጠር 394 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይወጣል። ሞለኪውሉ ያንን ጉልበት አውጥቶ የተቀመጠ ስለሆነ በራሱ ተነሣሥቶ ወደ ሌላ ነገር አይሄድም። የሳቱት ቀጣዩን ነው። ሁለቱ ኦክስጅኖች ኤሌክትሮኑን ወደ ራሳቸው ስለሚስቡ መካከል ላይ ያለው ካርቦን ኤሌክትሮን ይርበዋል። በኤሌክትሮን የበለጸገ ነገር ካገኘ ይቀበላል። አሚን ይቀበላል፣ አልኮክሳይድ ይቀበላል፣ የግሪኛርድ ሪኤጀንት (ማግኒዥየም ያለበት ኦርጋኒክ ውሁድ) ይቀበላል። ደረቅ በረዶ ላይ ግሪኛርድ ደፍቶ ካርቦክሲሊክ አሲድ ማውጣት ማንኛውም የኦርጋኒክ ተማሪ በመጽሐፍ የሚያውቀው ነገር ነው።

ስለዚህ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው የጎደለውን ጉልበት ከውጭ ማምጣት ነው፤ ማለትም ሃይድሮጅን ወይም ኤሌክትሪክ ሰጥቶ ካርቦኑን ወደ ሜታኖል፣ ወደ ፎርሚክ አሲድ መቀነስ። ሜታኖል የሚሠራው በመዳብና በዚንክ ኦክሳይድ ካታሊስት፣ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ከ50 እስከ 100 ከባቢ አየር በሚደርስ ግፊት ነው። ለአንቺ ቤተ ሙከራ አይሆንም። ሁለተኛው መንገድ ጉልበቱን በውስጡ የያዘ አጋር ማምጣት ነው። ኤፖክሳይድ ዋነኛው ምሳሌ ነው። ከሁለት ካርቦንና ከአንድ ኦክስጅን የተሠራው ባለ ሦስት አባል ቀለበቱ የተጨነቀ ስለሆነ ሊከፈት ይፈልጋል። ሁለቱ ሲዋሐዱ አምስት አባላት ያሉት ሳይክሊክ ካርቦኔት ይወጣል። የተጣለ አቶም የለም፤ የገባው በሙሉ ምርቱ ውስጥ ነው። ካርቦኑም የኦክሳይድ ደረጃውን አይቀይርም፣ ሃይድሮጅንም አያስፈልግም። ምረጪ ብትዪኝ ይህን ነው የምለው።

ካታሊስቱ ብርቅ ብረት አይደለም። ቴትራቡቲል አሞኒየም ብሮማይድ የተባለው ጨው ብቻውን ይበቃል። ብሮማይዱ መጨናነቅ ባነሰበት ካርቦን በኩል ገብቶ ቀለበቱን ይከፍታል፤ የተወለደው አልኮክሳይድ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይይዛል፤ ከዚያ ካርቦኔቱ ወደ ኋላ ዞሮ ብሮማይዱን አስወጥቶ ቀለበቱን ይዘጋል። ብሮማይዱ ነጻ ወጥቶ ወደ ሌላ ሞለኪውል ይሄዳል። ብሮማይድ እንዲገባም እንዲወጣም ምቹ መሆኑን ልብ በዪ፤ ካታሊስት የሚያደርገው ይህ ጠባዩ ነው። እንደ ዚንክ ያለ ሉዊስ አሲድ (የኤሌክትሮን ጥንድ የሚቀበል ነገር) ብትጨምሪበት የኤፖክሳይዱን ኦክስጅን ይዞ መክፈቻውን ያቀልለታል። ጫፍ ላይ ቀለበት ያላቸው ኤፖክሳይዶች በዚህ ጨው በአንድ ከባቢ አየር ግፊት፣ በ120 ዲግሪ ገደማ እንደሚሄዱ ታትሟል። በፊኛ የሚሠራ ሥራ ነው ማለት ነው።

አሠራሩን እንድታዪው ያህል፦ ፍላስኩ ውስጥ ስታይሪን ኦክሳይድ የተባለውን ኤፖክሳይድና ጨዉን ታደርጊያለሽ፤ በላዩ ማቀዝቀዣ ቱቦ፣ ከቱቦው በላይ በጋዝ የተሞላ ፊኛ። አየሩን አስወጥተሽ ጋዙን ደጋግመሽ ታስገቢያለሽ። ፊኛው በማግስቱ ጎድሎ ብታገኚው ሁሉም በሪአክሽኑ የተበላ እንዳይመስልሽ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጎማ ውስጥ ከናይትሮጅን በፈጠነ ሁኔታ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ በፊኛው መጉደል ምንም አትለኪ። ጋዙን ለለስላሳ መጠጥ ከሚያገለግለው ሲሊንደር መውሰድ ይቻላል። ካልተገኘ በኪፕ መሣሪያ (ጋዝ ማመንጫ የመስታወት ዕቃ) እብነ በረድን ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር በማገናኘት ይወጣል። በዚህ ጊዜ ግን አብሮ የሚመጣውን የአሲድ ተን በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያም በተኮማተረ ሰልፈሪክ አሲድ ማድረቅ የግድ ነው። ሳይታጠብ ከገባ ክሎራይዱ ራሱ ቀለበት ይከፍትና ውጤትሽ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ጮቄ፦

መምህር፣ የጻፉትን በአክብሮት አነበብኩ። ሆኖም ልጅቷ በዚህ ርእስ ስትገባ እውነቱን አውቃ ትግባ። ዓለም ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ በየዓመቱ ከ37 ቢሊዮን ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅቃል። ኢንዱስትሪ በጠቅላላው የሚጠቀምበት 230 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ሰፊው ድርሻ ዩሪያ ሲሆን ቀጥሎ ያለው ነዳጅ ከጉድጓድ ለመግፋት የሚውለው ነው። እናንተ የምትሉት ካርቦኔትና ፕላስቲክ ከዚህ ውስጥ ትንሹ ነው። መቶ ጊዜ ቢያድግ እንኳ የአየር ንብረቱን አይነካውም። በየጥናቱ መግቢያ «የዓለም ሙቀት መጨመርን ለመከላከል» እየተባለ ሲጻፍ ያሳዝነኛል። እንጨቱ በተቆረጠበት ተራራ ሥር የሚኖር ገበሬ ይህን ሲሰማ ተስፋ ያደርጋል፤ ተስፋው ግን መሠረት የለውም።

ዳሞት፦

ለጮቄ፦ ወንድሜ፣ ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ እኔም ተማሪዎቼ ያንን መግቢያ እንዲጽፉ አልፈቅድም። የዚህ ኬሚስትሪ ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ሞለኪውል ውስጥ አንድ ካርቦኒል (በድርብ ትስስር የተያያዙ ካርቦንና ኦክስጅን) ለመክተት የኢንዱስትሪው የቆየ መሣሪያ ፎስጂን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰው የፈጀው ያው ጋዝ ነው። ፖሊካርቦኔት፣ ማለትም የመነጽሩና የትልልቁ የውሃ ጠርሙስ ፕላስቲክ፣ ለብዙ ዘመን በእርሱ ነበር የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ2002 አሳሂ ካሴይ የተባለው የጃፓን ድርጅት ዘዴ ታይዋን ውስጥ ሥራ ላይ ሲውል ያለ ፎስጂን፣ ከኤትሊን ኦክሳይድና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ተነሥቶ ፖሊካርቦኔት ማምረት ተቻለ። የመጀመሪያው እርምጃ ከላይ የጻፍኩት የሳይክሊክ ካርቦኔት ሪአክሽን ነው። በዚያ ፋብሪካ አጠገብ ለሚኖር ሰው ይህ ለውጥ የሕይወት ጉዳይ ነው። በየስልካችን ባትሪ ውስጥ ያለው ኤትሊን ካርቦኔትም ከዚሁ ዘር ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሾሄይ ኢኖዌ ዳይኤቲል ዚንክን ከውሃ ጋር አድርጎ ኤፖክሳይድንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን እያፈራረቀ ወደ ረጅም ሰንሰለት ቀየራቸው። ያው ሁለት ነገር በአንድ ካታሊስት ቀለበት፣ በሌላው ሰንሰለት ይሆናል። ምርጫው በካታሊስቱ እጅ መሆኑ ለእኔ ከኬሚስትሪ ሁሉ ደስ የሚለኝ ክፍል ነው።

ወንበርማ፦

እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ኬሚስትሪ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ጮቄ ዩሪያን ሲያነሣ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። በእኛ ወረዳ በቆሎና ስንዴ ያለ ዩሪያ የሚታሰብ አይደለም፤ ክረምት ሲቃረብ የገበሬው ጭንቀት ሁሉ ማዳበሪያው ከጅቡቲ መቼ ይደርሳል የሚለው ነው። ዩሪያ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። በአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ ስንት አለ? ማሳ ላይ ከተበተነ በኋላስ የት ይሄዳል?

ዳሞት፦

ለወንበርማ፦ 60 ግራም ዩሪያ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል። ስለዚህ ባለ 50 ኪሎው ከረጢት ሲሠራ 37 ኪሎ ገደማ ገብቶበታል። ሁለት አሞኒያና አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጀመሪያ አሞኒየም ካርባሜት ይሆናሉ፤ እርሱ ውሃ ሲለቅ ዩሪያ ይሆናል። ቦሽና ማይዘር እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጡት ዘዴ ነው፤ ዛሬም መሠረቱ እርሱ ነው። የሚገርመው ካታሊስት አያስፈልገውም፤ ግፊትና ሙቀት ብቻ ነው።

ማሳ ላይ ሲደርስ ዩሪዬዝ የሚባለው የአፈር ኢንዛይም በቀናት ውስጥ ፈትቶት ወደ አሞኒያና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመልሰዋል። ጋዙ ወደ አየር ይሄዳል። አፈር ሳይሸፍኑ ከላይ የበተኑት ዩሪያ አሞኒያውም አብሮ የሚተነው ለዚህ ነው፤ እርስዎ ለገበሬው «ሸፍነው» የሚሉት ምክር ኬሚስትሪው ይኸው ነው። ጮቄ ትክክል የሆነበት ሌላ ምክንያትም ነው፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድን መጠቀም ማለት ማስቀመጥ ማለት አይደለም።

ከደጀን፦

በኖራ ድንጋይ ሥራ ላይ ያለሁ መሐንዲስ ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ መድረክ ላይ ሲነሣ አላየሁም።

ዛሬ ዩሪያ የሚሠሩ አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ሃይድሮጅኑን ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሚያወጡ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አብሮ ይመጣላቸዋል። ጎዴ ላይ የታሰበውም የዩሪያ ፋብሪካ በጋዝ ነው። አሁን ግን ብዙ ሰው ከሕዳሴ ግድብ ኃይል ውሃን በኤሌክትሪክ ፈልቅቀን አሞኒያ እንሥራ ይላል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ የተሠራ አሞኒያ ካርቦን አብሮት የለም። ዩሪያ ለማድረግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

ከየት? ከአባይ በረሃ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው መልሱን እግሩ ሥር ያየዋል፤ ገደሉ የኖራ ድንጋይ ነው። አንድ ቶን ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲተኮስ 560 ኪሎ ኖራ ይተርፍና 440 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህ 440 ኪሎ ከ340 ኪሎ አሞኒያ ጋር ስድስት ኩንታል ዩሪያ ይሆናል። የሲሚንቶና የኖራ ምድጃ ጋዙን የሚለቅቀው ከነዳጁ ብቻ አይደለም፤ ከድንጋዩ ራሱ ነው፤ ነዳጁን ብንቀይረውም ይህኛው አይቀርም። ለዚህ ነው ጋዙ ወደ ሰማይ ከሚሄድ ለአንድ ነገር ይዋል የምለው። በእርግጥ ከምድጃ ጭስ ማውጫ የሚወጣው ጋዝ ንጹሕ አይደለም፤ ናይትሮጅን፣ አቧራና የሰልፈር ውሁድ ይቀላቀልበታል። ማጥራቱ ገንዘብ ነው።

ጮቄ፦

ለከደጀን፦ ይህኛው ሐሳብ ይገባኛል፤ ቆም ብዬ አሰብኩበት። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ሃይድሮጅን በኤሌክትሪክ ለማውጣት በኪሎ ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። አንድ ቶን ሜታኖል 190 ኪሎ ገደማ ሃይድሮጅን ስለሚፈልግ ወደ 10 ሜጋ ዋት ሰዓት ይሆናል። ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት ቢሆንም በየመንደሩ ገና መብራት ያልገባለት ሕዝብ አለ። ቅድሚያው ለማን ነው?

ከደጀን፦

ለሜታኖል ቅድሚያ ስጡ አላልኩም። ለማዳበሪያ ግን አዎ እላለሁ።

ፋርማሲስቷ፦

ስለ ፋብሪካና ስለ ግድብ ስታወሩ የመድኃኒቱ ወገን ተረሳ። እያንዳንዱ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ያለው አስፕሪን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለበት። ኮልበ እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ ጀመረው፤ ሽሚት በ1885 አሻሻለው፦ ደረቅ ሶዲየም ፌኖክሳይድ በ125 ዲግሪ ገደማ፣ በመቶ ከባቢ አየር ግፊት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይቆይና አሲድ ሲጨመርበት ሳሊሲሊክ አሲድ ይወጣል። በ1897 ፌሊክስ ሆፍማን ባየር ውስጥ አሴቲል ያደረገበት ይህንኑ ነው። ሶዲየሙን በፖታሲየም ቀይረው ሙቀቱን ከፍ ሲያደርጉ ደግሞ የአሲዱ ክፍል ቀለበቱ ላይ ከኦክስጅኑ ጎን መሆኑ ቀርቶ ፊት ለፊቱ ይገባል። ከዚያ የሚወጣው ውሁድ የቅባትና የሽሮፕ ማቆያ የሆኑት ፓራቤኖች መነሻ ነው። አንድ የብረት አዮን የሞለኪውሉን ቅርጽ ይወስናል፤ ተማሪ ሆኜ ያነበብኩት ዕለት ያደረብኝ መደነቅ አሁንም አልለቀቀኝም።

ዛሬ ደግሞ በኒኬል ካታሊስት አሪል ሃላይድን (የቤንዚን ቀለበት ላይ እንደ ብሮሚን ያለ አቶም የያዘ ውሁድ) በቀጥታ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አገናኝቶ አሲድ ማድረግ ተችሏል፤ እንደ ግሪኛርድ ሌላውን ክፍል ስለማያጠፋ ለመድኃኒት ሞለኪውል ይመረጣል። ለእህታችን አሁን አልመክረውም፤ አየርና እርጥበት ፈጽሞ የማይገባበት ዕቃ ይፈልጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሁላችሁም፦ ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ሽታም የለውም። የእህል ጉድጓድ በሚጠቀሙ አካባቢዎች ክዳኑ ተከፍቶ ሳይናፈስ የገባ ሰው የሚሞተው እህሉ ሲተነፍስ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኦክስጅኑን ስለተካው ነው። ሲሊንደር ያለበት ክፍል መስኮቱ ይከፈት።

ባሕር ዳር፦

ዳሞት ያመለከተሽ መንገድ ትክክል ነው፤ እኔ አንድ እርምጃ ልግፋው። ስታይሪን ኦክሳይድ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ደግሞም በዓለም ላይ ሺህ ጊዜ ተሠርቷል። ኤፖክሳይዱን ከአገር ቤት ዘይት ብታወጪውስ?

የኑግ ዘይት ሰባ በመቶ ገደማው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ እያንዳንዱ ሰንሰለት ሁለት ድርብ ትስስር አለው። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በፎርሚክ አሲድ ድርብ ትስስሩ ኤፖክሳይድ ይሆናል። ከዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስታሳልፊበት ካርቦኔት ያለው ዘይት ታገኛለሽ፤ ያንን ከዳይአሚን ጋር ስታገናኚው ያለ አይሶስያኔት፣ ማለትም ያለ ተለመደው መርዛም መነሻው፣ የተሠራ ፖሊዩሬቴን (የፍራሽ ስፖንጅ ፕላስቲክ) ይወጣል። አይሶስያኔትም የፎስጂን ልጅ ነውና ሁለት መርዝ በአንድ ጊዜ ቀረ ማለት ነው። በአኩሪ አተር ዘይት እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል፤ በ110 ዲግሪ፣ በአንድ ከባቢ አየር፣ በዚያው ብሮማይድ። ችግሩ ኤፖክሳይዱ ሰንሰለቱ መካከል ስለሆነ ከሁለት በኩል ይጨናነቃል፤ ቀናት ይወስዳል። ይህን ጊዜ ማሳጠር ነው ጥናቱ። ፖታሲየም አዮዳይድን ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥምር) ካለው ነገር ጋር ማጣመር ተሞክሮ የሚሠራ ነገር ነው፤ ሃይድሮክሲሉ የኤፖክሳይዱን ኦክስጅን በሃይድሮጅን ትስስር ይይዝለታል።

ወንበርማ፦

ለባሕር ዳር፦ ኑግ አይሆንም ወንድሜ። የምግብ ዘይት ዋጋ የት እንደደረሰ እናውቃለን፤ ሰው ወጥ የሚሠራበትን ዘይት ወደ ፕላስቲክ ቀይሩ ብዬ ለገበሬ አልነግርም። ጉሎ ተመልከቱ። በየአጥሩ ሥር ያለ ጠያቂ የሚበቅል ነው፤ ማሳም አይሻማም።

ባሕር ዳር፦

ለወንበርማ፦ ተቀብያለሁ። እንዲያውም ጉሎ ለኬሚስትሪው የራሱ ጠባይ አለው። ዘይቱ አብዛኛው ሪሲኖሌይክ አሲድ ነው፤ አንድ ድርብ ትስስርና አንድ ሃይድሮክሲል በአንድ ሰንሰለት ላይ። ከላይ ከውጭ ይጨመር ያልኩት ሃይድሮክሲል በራሱ ውስጥ አለ። ጥሩ ጥያቄ የሚወጣው ከዚህ ነው፦ የጉሎው ሃይድሮክሲል ካታሊስቱን ያግዛል ወይስ ኤፖክሳይዱን ራሱ ከፍቶ ያበላሻል?

ፋርማሲስቷ፦

ጉሎ ከሆነ ፍሬውን ራሳችሁ አትጭመቁ። ፋጉሎው ውስጥ የሚቀረው ራይሲን ገዳይ ፕሮቲን ነው። የተጣራ ዘይት ከመድኃኒት ቤት ይገዛል፤ ዘይቱ ውስጥ ራይሲን የለም።

የሞጣ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉሎን እይዛለሁ። የጥናቱ ጥያቄም ባሕር ዳር የጻፉት ይሆናል፦ የዘይቱ የራሱ ሃይድሮክሲል ከብሮማይድና ከአዮዳይድ ጋር እንዴት ይሠራል። መግቢያዬ ላይም ስለ አየር ንብረት አልጽፍም፤ ስለ አይሶስያኔት እጽፋለሁ። የቀረኝ አንድ ፍርሃት ነው። ኤንኤምአር እየጠበቅሁ ወራት ካለፉ መቼ እጨርሳለሁ? ሪአክሽኑ ምን ያህል እንደሄደ እዚሁ በምን አውቃለሁ? መብራት ሲጠፋስ የጀመርኩት ሁሉ ይበላሻል?

ዳሞት፦

ለየሞጣ ልጅ፦ ኢንፍራሬዱ ይበቃሻል። የዘይቱ ኤስተር 1740 cm⁻¹ አካባቢ ሁልጊዜ አለ። ካርቦኔት ሲፈጠር ከእርሱ በስተግራ 1800 አካባቢ አዲስ ጫፍ ይወጣል፤ የኤፖክሳይዱ ደካማ ጫፍ ከ820 እስከ 840 ባለው ውስጥ እየጠፋ ይሄዳል። መጠኑን በቁጥር ለማወቅ የቆየውን ቲትሬሽን (መጠኑ የታወቀ ፈሳሽ በጠብታ እየጨመሩ መለካት) ተጠቀሚ፦ ናሙናውን በአሴቲክ አሲድ ውስጥ በተዘጋጀ ሃይድሮጅን ብሮማይድ፣ በክሪስታል ቫዮሌት ጠቋሚ። የቀረውን ኤፖክሳይድ ይሰጥሻል። ልብ በዪ፤ ቲትሬሽኑ ኤፖክሳይድ መጥፋቱን እንጂ ወደ ካርቦኔት መሄዱን አይነግርሽም። በሃይድሮክሲል ተከፍቶም ሊጠፋ ይችላል፤ ያንቺ ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው። ስለዚህ ሁለቱን መለኪያ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ያዢ፤ ልዩነታቸው መልስሽ ይሆናል። ኤንኤምአር ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ናሙናዎች ብቻ ይላክ።

ሦስት ማነጻጸሪያ ሳትሠሪ ምንም እንዳትጽፊ፤ ያለ ካታሊስት፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ በናይትሮጅን፣ እንዲሁም ሃይድሮክሲሉ በአሴቲል በተሸፈነ ጉሎ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ያለ እርሱ ግን ሃይድሮክሲሉ ምን እንደሠራ መናገር አይቻልም።

መብራት ቢጠፋ የካርቦኔቱ ሪአክሽን ቀዝቅዞ ይቆማል፤ ሲመለስ ይቀጥላል። የሞቀበትን ሰዓት ብቻ መዝግቢ። የፐርኦክሳይዱ እርምጃ ግን ሌላ ነው። ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ማማሰያው ሲቆም አንድ ቦታ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል። ፐርኦክሳይዱን በጠብታ፣ ከ60 ዲግሪ ሳታሳልፊ፣ በረዶ ውሃ አጠገብሽ አስቀምጠሽ፣ ጠዋት ጀምረሽ ቆመሽ ጨርሺው። ለብሮማይዱ ጨው አትጨነቂ፤ የእኛ ክፍል ጥቂት አለው፤ በአማካሪሽ በኩል ደብዳቤ ይጻፍና እንልክልሻለን።